ጣሪያው ያኮረፈ ዕለት

እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች የማንፈራው ነገር ጥቂት ነው፤ ንፋስን የሚያህል የምንፈራው ግን የለም። ካላመናችሁኝ ነገ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ አጠገባችሁ ያለውን መስኮት በጣት ስፋት ከፈት አድርጉት። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ልጄ፣ ዝጋው፤ ንፋስ ይመታናል» ትላለች። ብትዘገዩ ረዳቱ ራሱ እጁን ዘርግቶ ይዘጋዋል። ውስጥ ያለነው ያንዱ ሳል ለሌላው ሲተርፍ፣ ላቡ በጀርባችን ሲንቆረቆር ግድ የለንም። የሰው ትንፋሽ ዘመድ ነው፤ ንፋስ ግን ባዳ ነው። ጎናችንን ቢወጋን ንፋስ ነው፣ አንገታችን ቢጣመም ንፋስ ነው፣ ንፋስ በሌለበት ፀሐይ ላይ ቆመን ብንታመም ደግሞ ምች ነው።

እንግዲህ ይህን በመሰለ ሕዝብ መሀል ሆነ ብሎ ጣሪያዋ የሚገለጥ መኪና የሚያስገባ ሰው መኖሩ አይገርማችሁም? ኮንቨርቲብል ይሏታል። በተኗን ስትጫኑ ጣሪያዋ ተጣጥፎ የኋላ ኮፈኗ ውስጥ ይተኛል፤ ደግማችሁ ስትጫኑ ከተኛበት ተነስቶ አናታችሁ ላይ ይከደናል። አገራችን ውስጥ ከሠርግ በቀር ሥራ የላትም። በሠርግ ቀን ሙሽራን ንፋስ አይመታም የሚል ስምምነት በመሀላችን ያለ ይመስላል፤ ማን ከማን ጋር እንደተስማማው አላውቅም።

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። የኔ እናት ካረፉ ቆይተዋል፤ እኔ የምፈራው ለልጄ ነው። ሜሮን አንድ ልጄ ናት። ሚስቴ አልማዝ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከሞተች ወዲህ ሁለት ወላጅ ሊካፈለው የሚገባውን ፍርሃት ብቻዬን ተሸክሜ ኖሬያለሁ። ትምህርት ቤት ስትሄድ መንገዱን ፈራሁ። ሥራ ስትይዝ አለቃዋን ፈራሁ። እጮኛዋን ይዛ ስትመጣ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጁ ጥሩ ሰው ሆኖ ስላገኘሁት ፈራሁ። መጥፎ ቢሆን እምቢ የምልበት ምክንያት አላጣም ነበር።

ሜሮን ለሠርጓ የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው የእናቷን ቬሎ መልበስ። አልማዝ ያንን ቬሎ በሻንጣ ውስጥ ከናፍታሊን ጋር አስቀምጣ፣ በየዓመቱ እያወጣች እያናፈሰች፣ በመጨረሻም ታማ በተኛችበት «ለሜሮን» ብላኝ ነው የሄደችው። ከእሷ እጅ የቀረ ሌላ ነገር ብዙ የለንም። ሁለተኛው ጥያቄ ክፍት መኪና ነው። «አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳን ከላዬ ምንም ሳይኖር ልሂድ» አለችኝ። ይህ ንግግር እኔን ይንካ ጣሪያውን እስካሁን አልገባኝም።

አክስቷ በላይነሽ በበኩሏ አንድ ነገር ብቻ ነው ከሙሽራዋ የጠየቀችው፤ የአባቷን ጉልበት ስማ ከቤት ስትወጣ እንድታለቅስ። ሜሮን ግን «አላለቅስም፤ ሜካፔ ይበላሻል» አለች። በላይነሽ ክው አለች። ከአባቷ ቤት ዓይኗ ደርቆ የምትወጣ ልጅ ሰው ፊት አባቷን ምን ታስብላለች? እኔ ይህንንም ፈራሁ። ከሌሎቹ ፍርሃቶቼ ጎን ቦታ ፈልጌ አስቀመጥኩት።

መኪናዋን ያዋሰኝ ጎረቤቴ ነስሩ ነው። ነስሩ መርካቶ ውስጥ ሸራ ይነግዳል፤ የጭነት መኪና ሸራ፣ የድንኳን ሸራ፣ የገበያ ጥላ። ይህችንም መኪና የገዛት ጣሪያዋ ሸራ ሆኖ ስላየው ነው እያልን እናሾፍበታለን። ቁልፉን ሲሰጠኝ ደጋግሞ አስጠናኝ፤ መኪናዋን አቁም፣ ሞተሩን አታጥፋ፣ ፍሬን ርገጥ፣ በተኑን ተጫን፣ እስክትጨርስ እጅህን አታንሳ። ከዚያ ሚስቱን እንደሚያማ ባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንዳንዴ ታኮርፋለች» አለኝ።

«ስታኮርፍስ?»

«ታባብላታለህ።»

ማግስቱ አርብ ነበር፤ የሠርጉ ዋዜማ፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ ሰማዩ ጠዋት ስቆ ቀትር ላይ የሚያለቅስበት ሰሞን። ልብስ ሰፊው ሰይድ ቬሎውን በሜሮን ልክ አስተካክሎ ጨርሷልና ላመጣው ተነሳሁ። መርካቶ ልሄድ ነው ብሎ የተናገረ ሰው ግን ለራሱ ጉዳይ ብቻ ሄዶ አያውቅም። በላይነሽ ከበሩ መለሰችኝ። ወጥ ሠሪዎቹ በርበሬው አነሰ ብለዋል፤ ከበርበሬ በረንዳ የተፈጨ በማዳበሪያ ይዘህ ና አለችኝ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ ወጥ ሠሪ በሠርግ ዋዜማ ከተቀየመች ሠርጉ የለም።

በርበሬውን አስቀድሜ ገዛሁ። እያስነጠስኩ የኋላ ወንበር ላይ አስተኛሁትና ወደ ሰይድ ሱቅ ነዳሁ። ሰይድ ወሎዬ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ለስላሳ። ቬሎውን በነጭ አንሶላ ጠቅልሎ እንደታመመ ሰው አቅፎ ይዞት ወጣ። ችግሩ፣ መኪናዋ ባለ ሁለት በር ናት፤ ቬሎው ደግሞ የዚያ ዘመን ቬሎ ነው፣ እጥፋቱ ብቻውን አንድ ክፍል ይሞላል። በበሩ አልገባም አለ። «ጣሪያውን ይክፈቱትና ከላይ እናውርደው ጋሼ» አለኝ። ፈራሁ፤ ግን ከፈትኩ። ጣሪያው ያለ አንዳች ማንገራገር ተጣጥፎ ኮፈኑ ውስጥ ገባ።

ያን ጊዜ ነው ማዳበሪያውን ያየሁት። ቀይ በርበሬ፣ ነጭ ቬሎ፣ አንድ ወንበር። በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ታየኝ፤ ማዳበሪያው ሲተረተር፣ የአልማዝ ቬሎ ሲቀላ፣ ልጄ መስታወት ፊት ቆማ እኔን ስታየኝ።  በርበሬውን ብድግ አድርጌ ወደ ኋላ ኮፈን ወሰድኩት። የታጠፈው ጣሪያ ቦታውን ይዞታልና ማዳበሪያው አልገባም አለ። ገፋሁት። ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ኮፈኑን በእጄ ተጫንኩት፣ አልሆነም፤ ተቀመጥኩበትና ተዘጋ። ያቺን ቀጭ ያለች ነገር ልብ በሉልኝ፤ እኔ ልብ አላልኳትም። ቬሎውን ከበርበሬ ማዳኔን ነበር የማስበው።

ቬሎውን ከላይ አውርደን ወንበሩ ላይ አስተኛነው። ወዲያው ሰይድ ሰዓቱን አየ፤ የጁምዓ ሶላት ደርሷል። ከሱቁ በር ግራና ቀኝ አንድ ጨርቅ ወጥሮ አሰረና ጫማውን ለወጠ። መስመሩ ሁሉ እንደዚያው ነው፤ አንዱ ጨርቅ፣ አንዱ ዱላ አጋድሞ፣ አንዱ በርጩማ በሩ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል።

«ሰይድ፣ አትቆልፈውም እንዴ?»

«አብሽሩ ጋሼ፣ ጨርቁ አለ አይደል» ብሎኝ ሄደ።

ጫማ ሳያወልቁ ካልሲ ይወስዱበታል እየተባለ በሚወራበት ገበያ፣ ጨርቅ ዘበኛ ሆኖ ይውላል። ይህንን እያደነቅኩ መሪው ላይ ተቀመጥኩና፣ ሞተሩን አስነስቼ ፍሬኑን ረግጬ በተኑን ተጫንኩ። መኪናዋ ጢጥ ጢጥ አለች። ጣሪያው አልተነቃነቀም።

እጄን አንስቼ ደግሜ ተጫንኩ። ጢጥ ጢጥ። ሞተሩን አጥፍቼ አስነሳሁ። ጢጥ ጢጥ። አኮረፈች። ልንዳትና ከዚህ ልውጣ ብዬ ቀና ስል መንገዱ በሰጋጆች ሞልቷል፤ ከፊት ምንጣፍ፣ ከኋላ ምንጣፍ፣ መስጊዱ ያልበቃው ምዕመን እስከ መኪናዋ ጎማ ድረስ ተደርድሯል። ነስሩ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። የት እንዳለ ለመገመት አዋቂ መጠየቅ አያሻም፤ ከዚያ ሁሉ ግንባር አንዱ የሱ ነው።

ወደ ላይ አየሁ። በአማኑኤል በኩል ደመናው ጠቁሮ እየመጣ ነበር።

መርካቶ ዝም ስትል ያያችኋት ስንቶቻችሁ ናችሁ? እኔ ያን ቀን አየኋት፤ አያድርስ ነው የምላችሁ። ጋሪ የለ፣ «መንገድ መንገድ» የሚል ተሸካሚ የለ፣ ዋጋ የሚከራከር የለ። ሶላቱ ተጀምሮ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ላይ ሲያጎነብስ፣ በዚያ ጸጥታ መሀል የሚሰማው ድምፅ የኔ መኪና ጢጥታ ብቻ ሆነ። ልተወው አልኩ፤ ደመናውን ሳይ መልሼ ተጫንኩ። ጢጥ ጢጥ። አንድ ሽማግሌ ከስግደታቸው ቀና ሲሉ ያዩኝ መሰለኝ። ሰዎቹን ፈራሁ፣ ፈጣሪያቸውን ፈራሁ፣ የኔንም ፈራሁ፤ አንድ መሆኑን ያኔ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ከሁሉ በላይ ግን ነገ ጠዋት ሜሮን አንሶላውን የምትገልጥበትን ሰዓት ፈራሁ።

ከሰጋጆቹ ሌላ በአካባቢው የነበረው አንድ ወዛደር ነው። ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሱቆቹ ጥግ ቁጢጥ ብሏል። መኪናዋን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ቬሎውን ያያል። ኪሴን ዳበስኩ። ሰውየው ምንም አላደረገኝም፤ ግን ጣሪያ በሌላት መኪና ውስጥ መርካቶ መሀል ተቀምጣችሁ ሰው ሲያያችሁ የምታስቡትን እኔም አሰብኩ።

ቀስ ብሎ መጣ። «ፋዘር፣ ላግዝዎት?» አለ በሹክሹክታ።

«አይ፣ ሰው እየጠበቅሁ ነው።» ማንንም አልጠበቅኩም።

«ዝናቡ እኮ መጣ። ልብሱን እዚያ ሱቅ ውስጥ እናስገባው።»

ሰይድ ሱቅ! ከጨርቁ ወዲያ ሦስት እርምጃ የማይሞላ ደረቅ ቦታ አለ። ግን ባለቤቱ በሌለበት፣ ሰው ሁሉ በጸሎት ላይ እያለ፣ የወጠረውን ጨርቅ ገልጬ ልግባ? አንዱ ቀና ብሎ ቢያየኝስ? ሌባ እንዳይሰርቀኝ የፈራሁት ሰውዬ አሁን ደግሞ ሌባ እንዳልባል ፈራሁ። «አይሆንም፣ ሰው የለበትም» አልኩት። ወዛደሩ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ጥጉ ተመለሰ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ መሪው ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ አንሶላው ላይ። ኮቴን አውልቄ ቬሎው ላይ ጣልኩ፤ ግማሹን እንኳን አልሸፈነም። ጣሪያውን በእጄ ልጎትት ሞከርኩ፤ እንደተቆለፈ ሳጥን ሆነብኝ፣ ብሰብረውስ ብዬ ለቀቅኩት። ወዳጄ ሸራ ነጋዴ ነው፣ ከፊቴ ያለው መስመር ሙሉ ሸራ ነው፣ እኔ የምሸፍንበት ክንድ ሸራ አጥቼ ቆሜያለሁ። ጠብታው ሲጠነክር አንሶላው በየቦታው እየራሰ ቬሎው ላይ መለጠፍ ጀመረ። እመኑኝ፣ አልማዝን ዝናብ ላይ ጥያት የቆምኩ ነው የመሰለኝ። በአፌ «ይቅር በይኝ» እያልኩ እንደነበር ያወቅኩት የገዛ ድምፄን ስሰማ ነው።

ያን ጊዜ የኋላ ኮፈኑ ትዝ አለኝ። እዚያ ውስጥ ዝናብ የለም! ሮጬ ከፈትኩትና የበርበሬውን ማዳበሪያ በሁለት እጄ መንጭቄ አስፋልቱ ላይ ጣልኩት። የበላይነሽም የወጥ ሠሪዎቹም ቁጣ ገደል ይግባ። ተመልሼ ቬሎውን አቅፌ ስዞር ወዛደሩ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ በዝናቡ ውስጥ ሲሄድ ጀርባውን አየሁ።

ሌባ ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ በዝናብ እየተመታ ግንባሩን መሬት ላይ አድርጓል። አፌን ዘጋሁ። ላባርረው እንዳልል ቬሎውን አቅፌያለሁ። ሂድ፣ አልኩ በልቤ፣ ውሰደው፣ ወጥ ሥራበት። ቬሎውን ኮፈኑ ውስጥ አስገብቼ እጥፋቶቹን በመዳፌ ወደ ታች ስጫን ያቺ ነገር ዳግመኛ ቀጭ አለች። ኮፈኑን ዘግቼ ውሃ የሞላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና፣ ከተስፋ ሳይሆን ከልማድ፣ በተኑን ተጫንኩ።

ጣሪያው ተነሳ።

ደስ አለህ ትሉኝ ይሆናል። ሐሞቴ ነው የፈሰሰው። ጣሪያው የሚነሳው ከኮፈኑ ውስጥ ነዋ! ቬሎውም ያለው እዚያው ነው! ይዞት ይወጣል፣ ይቀደዋል፣ ይቦጭቀዋል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እጄን ላንሳ እንዳልል ነስሩ እስክትጨርስ አታንሳ ብሎኛል። ዓይኔን ስገልጥ አናቴ ላይ ጣሪያ አለ። ዝናቡ ሸራው ላይ ይደበደባል። ወርጄ ኮፈኑን በቀጭኑ ከፍቼ አየሁ፤ ቬሎው እንዳስተኛሁት ተኝቷል። ተመልሼ እርጥቡ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሶላቱ ሲያበቃ ነስሩ ደወለ። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኩት።

«ኮፈን ውስጥ ዕቃ ከትተህ ነበር?» አለኝ።

«በርበሬ።»

«በቃ፣ እሱ ነው» አለ። ከዚያ አስረዳኝ። ኮፈኑ ውስጥ የጣሪያውን መተኛ ከዕቃው የሚለይ መደርደሪያ አለ፤ እሱ ቦታውን ከለቀቀ ጣሪያው አይንቀሳቀስም፤ ሁለተኛዋ ቀጭታ ወደ ቦታው ሲመለስ ነበር። «ዕቃ እጨፈልቃለሁ ብላ ትፈራለች» አለኝ።

«ቁልፉን ስትሰጠኝ ብትነግረኝስ?»

«የሠርግ መኪና ኮፈን ውስጥ በርበሬ የሚከት ሰው አለ ብዬ በምን ልጠርጥር?»

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚሉት ለካ ለዚህ ኖሯል። እኔ ከፊት በተን ስጫን፣ ጥፋቱን ከኋላ ራሴ ገፍቼ አስገብቼ፣ ተቀምጬበት ዘግቼዋለሁ። ኩርፊያ ያልነውም ኩርፊያ አይደለም፤ መኪናዋ ፈርታ ነው። እኔ ፈርቼ በርበሬውን ከተትኩ፣ እሷ ፈርታ ጣሪያዋን ያዘች፤ ሁለት ፈሪዎች መንገድ ላይ ሳንተዋወቅ ቆየን።

ሰይድ ከነእርጥብ ቆቡ ተመልሶ የወጠረውን ጨርቅ ሲፈታ፣ ከበሩ ወዲያ የበርበሬው ማዳበሪያ ደርቆ ቆሟል። ወዛደሩም ከጎኑ ተጠልሏል። «ልብሱንም ላስገባልዎት ብዬ ነበር ፋዘር፣ እርስዎ እምቢ አሉኝ» አለ። አላኮረፈኝም፤ ቢያኮርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ስሙን ጠየቅኩት፤ ተካ ይባላል። «ነገ ሠርግ ቤት እንድትመጣ» አልኩት። ሰይድ ቬሎውን ወደ ወንበሩ እንመልሰው ቢለኝ በጄ አላልኩም። ዝናቡ አላባራም፣ ኮፈኑ ደረቅ ነው፣ በርበሬው ደግሞ ከሱ ርቆ ወንበር ላይ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አስቤበታለሁ። አንድ ነገር ብቻ አላሰብኩም፤ እናንተ ግን አስባችሁታል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በማግስቱ ጠዋት ሜሮን ቬሎውን ለብሳ ስትወጣ ነጭ ነበር፤ አንዲት ነጥብ እንኳን የለበትም። ሚዜዎቹ ዘፈኑ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ልጄ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ቬሎው ሲታጠፍ ከእጥፋቶቹ ውስጥ የማውቀው ሽታ ወጣ። አስነጠሰች። ቀና ብላ ልታየኝ ስትሞክር ዓይኗ ቀልቶ እንባዋ በሜካፑ ላይ ይወርዳል። ደግማ ጎንበስ አለች፣ ደግማ አስነጠሰች፣ እንባው ባሰ።

«አባዬ» አለች በጆሮዬ፣ «ቬሎው በርበሬ በርበሬ ይላል።»

«ዝም በይ፤ አልቅሺ» አልኳት።

ሴቶቹ እልል አሉ። በላይነሽ ደረቷን ይዛ «ልጄን! አባቷን እንዴት ብትወደው ነው» እያለች አብራ ታለቅሳለች። ሙሽራው ደንግጧል። ተካ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከጎረቤቶች መሀል ቆሞ ነበር፤ እሱ ብቻ ቬሎውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ። ሰው ቢጠይቀኝ መልሱ ተዘጋጅቶልኝ ነበር፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም።

መኪናዋ ጣሪያዋን ያለ ኩርፊያ ከፈተች። ሜሮን ከላይዋ ምንም ሳይኖር፣ ዓይኗን እየጠራረገች እየሳቀች ሄደች። እኔ አጥር በሩ ላይ ቆሜ «ክደኑት፣ ንፋስ ይመታታል» ስል ራሴን ሰማሁ፤ የጥሩምባው ድምፅ ዋጠው።

ከጫጉላዋ መልስ ቬሎውን አሳጥባ አመጣችልኝ፤ «እዚሁ ይቀመጥ አባዬ» አለች። እሷ ከሄደች በኋላ ናፍታሊኑን ለውጬ ሻንጣው ውስጥ ስከተው አሸተትኩት። የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያለው። ዓይኔ ግን እንደዚያን ቀን አቃጠለኝ። የመርካቶ በርበሬ ቶሎ አይለቅም።